እንድርያስን የሚጠይቅ

ወይዘሮ ሙሉጌጥን «የልጅዎ ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ፣ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብለው አይገላገሉም። እንደዚያ የሚመልሱ እናቶች ልጆቻቸው ቀን ቀን የት እንደሚውሉ የማያውቁ ናቸው ባይ ናቸው። «የእኔ ሰገነት የምትሠራው የአሳየችን ሥራ ነው» ይላሉ፣ ኮራ ብለው።

አሳየች ማለት የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነበረች። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ጫካ ሊጀምር ሲል ባለው ዳገት ላይ፣ የቤት ቁጥር በየበሩ ተለጥፏል፤ ግን ቁጥሩን አይቶ ሰው ቤት የገባ እንግዳ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ሰው የሚገኘው በአሳየች በኩል ነው። አንዱ ከአገር ቤት መጥቶ «የቄስ ኃይለጊዮርጊስ ቤት የቱ ነው?» ሲል፣ አሳየች ስኳሩን ከመመዘን ሳታቋርጥ፣ «ቄሱ የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል። ሰማያዊውን በር አንኳኳና ልጃቸውን ጠይቅ፤ እሷ ትነግርሃለች» ትለዋለች። ቄሱን ከመደርደሪያ አውርዳ አትሰጠው ነገር! ግን ሳይነገረው የሚመለስ ሰው የለም። አሳየችን ወሬኛ የሚሏት ነበሩ። ይበሏት። ወሬኛ የሌለበት ሰፈር ምን እንደሚመስል በኋላ አይተውታል።

ሰገነት ደግሞ ኮተቤ መንገድ ላይ ባለ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የሰርቨር ሠራተኛ ናት። የተቋሙ ዋና ሀብት የደረቁ ዕፅዋት ናቸው፤ ከየተራራው ተለቅመው፣ ተጨፍልቀው፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ተሰፍተው በብረት ቁም ሣጥን የተደረደሩ። እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ አለው። ስለ ቅጠሉ የሚናገረው ገጽ አድራሻ አይደለም፤ የቅጠሉ የራሱ አድራሻ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰገነት ገና ስትቀጠር እሱን ለመረዳት ብቻ ወር ሙሉ ጭንቅላቷን ስታክ ነው የከረመችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የአንዱን ቅጠል አድራሻ ጽፎ ሲጠይቅ፣ ቅጠሉ ራሱ በሽቦ ተጉዞ እጁ አይገባም። ስለዚህ መልስ ሰጪው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ «ይኸውልህ» አይልም፤ ቢል ዋሸ ማለት ነው። ሦስት መቶ ሦስት የሚባል መልስ አለ፣ እሱን ይመልሳል። ትርጉሙም «የጠየቅከውን ራሱን ልልክልህ አልችልም፤ ስለ እሱ የሚነግርህ ግን እዚህ ቦታ አለ፣ ወደዚያ ሂድ» ማለት ነው። የጠያቂው ኮምፒውተር የተነገረውን አድራሻ ይዞ ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል፤ ሰው ከሆነ ሰው የሚያነበው፣ ማሽን ከሆነ ማሽን የሚገባው ማብራሪያ ይጠብቀዋል። አድራሻው ጭራሽ ካልታወቀ ደግሞ አራት መቶ አራት አለ፤ እሱ «አላውቅም» ነው። ሰገነት አራት መቶ አራትን አትወድም። ማንም መጥቶ «አላውቅም» ተብሎ እንዳይመለስ ማድረግ፣ ሥራዋ በአጭሩ ይኼ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ይኼን ሁሉ ለእናቷ ስታስረዳ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይኼማ የአሳየች ሥራ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የላክንሽ?» አሏት። ሰገነት ሳቀች። እናቷ የቀለዱ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጃቸው ሥራ ቁልጭ ብሎ ገብቷቸዋል።

አድራሻ ያላቸው ቅጠሎቹ ብቻ አይደሉም። የለቀሟቸው ሰዎችም አላቸው። ሰው ደግሞ ከቅጠል ይልቅ በሽቦ የማይላክ ነውና ለእነሱም መልሱ ያው ነው፤ «እሱ ራሱ እዚህ የለም፣ ስለ እሱ ግን እዚህ ሂድና ጠይቅ።» ከእነዚያ ለቃሚዎች አንዱ እንድርያስ ነው። እንድርያስ የሰገነት ታላቅ ወንድም፣ የወይዘሮ ሙሉጌጥ የበኩር ልጅ ነው።

አባታቸው በጊዜ ስላለፈ ሰገነትን ያሳደጋት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጫማዋን ያሰረላት፣ ሒሳብ ያስጠናት፣ ኋላም እዚያው መሥሪያ ቤት ያስገባት እሱ ነው። እንጦጦን ከላይ እስከ ታች እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ሥር ተሸሽጎ የቀረ የአገር ዛፍ ችግኝ ሲያገኝ፣ ዘመድ ያገኘ ያህል ፊቱ ይበራ ነበር። ሰገነት አድራሻውን ሠርታ ስታሳየው በሳቅ ፈረሰ። «በቃ፣ እኔም ቁም ሣጥን ገባሁ በይኛ» አላት። ግን ወደደው። አድራሻውን በቃሉ ያዘው።

ከዚያ አንድ ዓመት፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ «ሱባኤ ልያዝ ነው» ብሎ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወጣ። ስልኩን መኝታው ላይ ትቶት ነበር፤ ያኔ ማንም ልብ አላለውም። ጾሙ ተፈታ፣ እሱ አልተመለሰም። መስቀል አልፎ አንዲት የማያውቋት መንገደኛ በራቸውን አንኳኩታ፣ «ወንድማችን መንኗል፤ አትፈልጉኝ፣ ጸልዩልኝ ብሏል» አለችና ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። የት ገዳም ነው፣ የምንኩስና ስሙን ማን ብለውታል፣ ምንም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት፣ ምንም።

የሰፈሩ ሰው «ታድለሻል፣ ልጅሽን ለእግዚአብሔር ሰጠሽ» ይላቸው ነበር። ወይዘሮ ሙሉጌጥም በአፋቸው «ተመስገን» ይላሉ። መናኝ አይፈለግም፤ እሳቸውም የሃይማኖት ሰው ናቸውና ይኼን ያውቃሉ። ሆዳቸው ግን አላወቀም። ልጃቸው ተመልሶ ከእሳቸው ጋር እንዲኖር አልጠየቁም፤ እሱን ፈጣሪም ይታዘበኛል ብለው ትተውታል። አንዲት ነገር ብቻ ነው የፈለጉት። በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ። ታሞ ይሆን፣ ገደል ገብቶ ይሆን፣ ዘመኑ ክፉ ነውና መንገድ ላይ አንድ ነገር አግኝቶት ይሆን? ለሞተ ልጅ ተዝካር ይወጣል፣ ለሕያው ደግሞ ይጸለያል። እሳቸው የትኛውን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ስድስት ዓመት ተቀመጡ። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ከዚያ «ነፋስ ነው» ብለው ራሳቸው ይመልሳሉ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ሰፈሩ ይነሣል ተባለ። መንገድ ይወጣበታል አሉ፤ ለነዋሪው ምትክ ቤት ተሰጠ። ሰዉ እንደ ጤፍ ተበተነ። አንዱ መሪ፣ አንዱ ካራ፣ የእነ ሰገነት ዕጣ ደግሞ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። አሳየች እንኳ ሱቋን አፍርሳ፣ መደርደሪያዋን በአይሱዙ ጭና ካራ ገባች። የቀሩት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ብቻ ሆኑ።

«እማዬ፣ እንግዲህ ምን እንጠብቃለን?» አለች ሰገነት።

«አሳየችም ሄደች» አሉ እናቷ።

«እኮ። ሁሉም ሄደ።»

«ታዲያ ያ ልጅ ቢመጣ ማን ይነግረዋል?»

ሰገነት ይኼ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ለንስሐ አባታቸው እንንገር አለች። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመነነ ሰው የሚያውቁት ደብር ገብቶ እኔ ነኝ አይልም። ቢመጣ ተደብቆ ነው የሚመጣው። በሩን አይቶ፣ ጭስ መውጣቱን አይቶ ሊሄድ።» ስልክ ይደውላል አለች። «ስልኩን እኔው ቤት ጥሎልኝ አይደል የሄደው?» ግድግዳው ላይ እንጻፍለት ስትል እናቷ ግድግዳውን አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት። ሊፈርስ ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው።

ነሐሴ እንዲህ እንደተፋጠጡ አለቀ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሰገነት ሰርቨሩ ማን ምን እንደጠየቀው የሚመዘግብበትን ሎግ ከፍታ ሌላ ጉዳይ ስታጣራ፣ እጇ ሳታዝዘው የወንድሟን ስም መፈለጊያው ላይ ጻፈ። አገኛለሁ ብላ አልጠበቀችም። ስክሪኑ ግን መልስ ሰጣት።

እንድርያስን የሚጠይቅ አለ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሳያጓድል፣ የእንድርያስን አድራሻ የሚጠይቅ አንድ ሰው አለ። ሰርቨሩ እንደ ደንቡ «እሱ ራሱ እዚህ የለም፣ ስለ እሱ ግን እዚያ ጠይቅ» ይለዋል። ጠያቂው ወደተነገረው ቦታ አይሄድም። ሰምቶ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ይመጣል።

ከእንድርያስ በቀር ይኼን አድራሻ በቃሉ የሚይዝ ማን አለ? ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ስልክ ተውሶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ገጹ ሳይከፈት ኔትወርኩ ተቆርጦበት ይሆናል። ወይም ገጹን ማንበብ አይፈልግ ይሆናል፤ ቤተሰቦቹ ገና ስሙን ይዘውት እንዳሉ ብቻ አይቶ ይሄዳል። ስለ ሰርቨር ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አብልጣ የምታውቅ ሴት ናት። በዚያን ጠዋት ግን የምታውቀው ሁሉ በኖ ጠፋ፤ የቀረችው የእንድርያስ እህት ብቻ ነበረች። ሰው ሲናፍቅ እንደዚህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ያኔውኑ ማብራሪያ ገጹን ከፈተች። በሳይንስ ስሞችና በተራራ ከፍታዎች መሀል አንዲት መስመር ጨመረች፤ «ወደ አያት ተዛውረናል» ብላ የብሎኩን ቁጥርና ስልኳን ጻፈች። ቀጥላም «እማዬ ደኅና ናት፣ ና» አለች። የዓለም የዕፅዋት ተመራማሪ ሁሉ የሚያየው ገጽ ነው። ያንብቡት አለች።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሽሮ ያማስሉ ነበር፤ ማማሰያውን ይዘው ቆሙ። «እሱ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው እማዬ። በየቅዳሜው ይጠይቃል።»

«አንቺ ያየሽው ነው ወይስ ሰው ነገረሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ወደ አያት እንደምንሄድስ ይነገረዋል?»

«ጽፌለታለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ምድጃውን አጠፉና ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አለቀሱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰገነት ፊት አልቅሰው አያውቁም ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ታጠቡና፣ «ይኼን ቁም ሣጥን እንዴት አድርገን ነው ሁለተኛ ፎቅ የምናወጣው?» አሉ። መስከረም ሳያልቅ አያት ገቡ። ቤቱ በማግሥቱ ፈረሰ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ካገቡ ጀምሮ ኅዳር ሚካኤልን የካ ሳይስሙ ቀርተው አያውቁም፤ ዘንድሮ ግን አልሄድም አሉ። «ለንግሥ ብሎ ከመጣ ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ አድራሻውን ነግረሽዋል» አሏት። ዶሮ አልሠሩም፣ መናኝ አይበላምና ሽሮና ጎመን አደረጉ። በረንዳው ላይ ወንበር አወጡ፤ ከብሎኩ መግቢያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ዋሉ። የማንም ልጅ ገባ፣ የማንም ልጅ ወጣ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወንበሩን አስገቡ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ በገና ይሆናል» አሉ፤ ሰገነትን የሚያጽናኑ እሳቸው ሆኑ።

ከሚካኤል በኋላ ነው ፊልሞና ነገሩን ያየችው። ፊልሞና የሰገነት የሥራ ባልደረባ ናት፤ የምትናገረውን የማታለዝብ፣ ለሰው ግን አንጀቷ የሚራራ ጴንጤ ልጅ። ወንበሯን እየገፋች መጣችና፣ «ሰጊዬ፣ ይኼ የእንድርያስ ገጽ ላይ ያለው ምንድን ነው? አያት፣ ብሎክ ምናምን?» አለች።

ሰገነት ሁሉንም ነገረቻት። ሎጉን ከፍታ፣ የወንድሟን ስም መፈለጊያው ላይ ጽፋ፣ ቅዳሜዎቹን አሳየቻት። ፊልሞና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እስቲ ስሙን አጥፊው» አለች።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አጥፊው። ያለ ስም እንየው።»

ሰገነት ስሙን አጠፋች። ስክሪኑ ሞልቶ ፈሰሰ። በእነዚያው ቅዳሜዎች፣ በእነዚያው ሰዓቶች፣ የሁሉም ለቃሚዎች አድራሻ ተጠይቋል። ፊደል ተራቸውን ጠብቀው፣ አንድም ሳይቀር። ከንጉሡ ዘመን በፊት የሞቱ ፈረንጆች ሳይቀሩ ተጠይቀዋል። ለሁሉም «እዚህ የለም፣ እዚያ ጠይቅ» ተብሏል፤ ጠያቂው ለአንዳቸውም ወደ ሁለተኛው ቦታ አልሄደም።

«ከውጭ አብረውን የሚሠሩት ሰዎች ማሽን ነው» አለች ፊልሞና ቀስ ብላ። «አድራሻው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሦስት መቶ ሦስት ካገኘ በቃው፣ ይሄዳል። ሰውየው መኖሩን አይደለም የሚጠይቀው ሰጊዬ።»

ይኼን ሰገነት ስለ ሌላ ሰው ብትጠየቅ በአንድ ትንፋሽ የምታስረዳው ነገር ነው። አላየችም እንዳይባል ሎጉ ፊት ለፊቷ ነበር። የወንድሟን ስም ብቻ ጽፋ ስለፈለገች፣ እሱን ብቻ የሚጠይቅ ሰው አገኘች፤ አለቀ። ፊልሞና እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አብራት ተቀመጠች።

ቤት ስትገባ ግን አልተናገረችም። ቅዳሜ ሲመጣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እንደ ልማዳቸው፣ «ጠየቀ?» አሏት። «ጠይቋል» አለች። ውሸት አይደለም፤ ጠይቋል። ጠያቂው ነው የተለየው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ግን «ጠይቋል» ማለት አቃታት። እናቷ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ደስ ብሏቸው ነበር የጠየቋት። ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ከመስኮቱ ዞር አሉና፣ «ማሽን ነው» አሉ።

«ማሽን ነው እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነው።

ሰኞ ዕለት ሰገነት ከሥራ ስትመለስ ቤቱ ተቆልፎ አገኘችው። ጎረቤት ጠየቀች፣ ማንም አላየም። አዲስ ብሎክ ነው፣ ማን ማንን ያውቃል። የት እንደሄዱ ገመተች። ባቡር ይዛ መገናኛ፣ ከመገናኛ ታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። እናቷ የድሮው ቤታቸው መሠረት ከነበረው ድንጋይ ላይ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ጫካው፣ ከፊታቸው የተደለደለ ቀይ አፈር ነው።

«እማዬ፣ ልትገድዪኝ ነው?»

«ምን ሆንኩ? ተቀምጬ ነው የዋልኩት።» ከዚያ ደግሞ ፊታቸው ፈካ አለ። «ከደብረ ብርሃን አንድ ሰው አሳየችን ፈልጎ ቅቤ ይዞ መጣ። እኔ ባልኖር ተመልሶ ሊሄድ ነበር። ካራ ግባና ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጠይቅ አልኩት።»

ምን ትበል? ልከልክልሽ ብትል በምን አፏ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጠዋት በባቡር ይሄዳሉ፤ ሰገነት ከሥራ ስትወጣ ዳገቱን ወጥታ ትወስዳቸዋለች። ለካ ያንን ባዶ ሜዳ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ፣ የሰርግ ጥሪ ያዢ፣ የድሮ ተማሪያቸውን የሚፈልጉ መምህር። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሁሉንም ይነግሩ ነበር። የሚጠብቁት ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሰውየው በሕይወት ካለ ነው። ማታ ማታ ጉልበታቸውን ሰገነት ስታሽላቸው፣ «ዛሬም አልመጣም» የሚሏት ያንን ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት ሰገነት ቀደም ብላ ደርሳ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሳለች፣ ዳርቱ ቅጠል ተሸክማ ከጫካው ወረደች። ዳርቱ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል እያወረደች የምትሸጥ ሴት ናት፤ እንድርያስ ከሄደ በኋላ ነው ሰፈሩን የለመደችው። ክረምቱን ልትወልድ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄዳ ነበርና ሰፈሩ ሲፈርስ አልነበረችም። ወይዘሮ ሙሉጌጥን ስታይ ሸክሟን እንደያዘች ቆመች።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ አሉ እንዴ?»

«አለሁ እንጂ። ምን እሆናለሁ? ማርያም ማረችሽ?»

«ተመስገን፣ ወንድ ነው።» ሸክሟን አወረደች፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም። «እኔስ እትዬ . . . ሞተዋል ብዬ ነበር።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝ። ስመለስ ቤቱ የለም፣ ሰው የለም።» ዳርቱ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ገመድ እየነካካች ወደ ሰገነት አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት። «በሚካኤል ንግሥ ለት አንድ አባ እዚህ ቆመው አገኘኋቸው። ቢጫ ልብስ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ረጅም። ‹የእናቴ ቤት እዚህ ነበር› አሉኝ። ‹ወይዘሮ ሙሉጌጥ ትባላለች፤ የት ናት?› አሉኝ።»

ሰገነት የእናቷን እጅ ያዘች።

«ምን አልሽው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ።

«አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው እትዬ፣ አላውቅም ነበር። ‹በሕይወት አለች?› አሉኝ። እሱንም አላውቅም አልኩ። ‹ሁሉም ጠፍተዋል አባቴ፣ የሚነግር ሰው የለም› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ብዙ ቆሙ። ከዚያ እዚችው እርስዎ የተቀመጡባት ድንጋይ ጋ ተንበርክከው አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ተነሡና መጽሐፋቸውን አወጡ። ለሞተ ሰው የሚባለውን ጸሎት ነው መሰለኝ ያሉት፤ ስምዎን ሲጠሩ ሰማሁ። ሲጨርሱ ‹ነፍስ ይማር› አሉ። እኔም . . .» ዳርቱ እንደገና ገመዷን ነካካች። «እኔም አብሬ ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ በጫካው በኩል ወጥተው ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።»

በዚያን ቀን ወይዘሮ ሙሉጌጥ አያት፣ በረንዳ ላይ፣ ሽሮውን ከድነው ብሎክ መግቢያውን ሲያዩ ነበር። ሰገነት ነበረች እዚያ ያስቀመጠቻቸው። ይኼን እሷም አስታወሰች፣ እናቷም አስታወሱ፤ ግን እናቷ አላነሡትም። ሰገነት የእናቷን ፊት ለማየት ድፍረት አጣች።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «በሕይወት አለ» አሉ። «ልጄ በሕይወት አለ። ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ።» ስድስት ዓመት የለመኑት ይኸው ነበርና ፊታቸው ላይ ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ዳርቱ እንኳ ያንን አይታ ነፍሷ መለስ አለች። እጃቸው ግን ቀስ እያለ ወረደ። የተባለው ነገር ሁሉ አሁን ገና ደረሳቸው። ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ጫካው፣ ሰውየው ገባ ወደተባለበት በኩል ፊታቸውን አዞሩ።

«አልሞትኩም እኮ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አጠገባቸው ለቆመ ሰው እንደሚናገሩ ነው ያሉት።